የቮልሷ ጭስ

ባለፈው ግንቦት ግሩነርሎካ በሚባለው ሰፈር የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበረኝ። ሐኪሟ የዓይን ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ጨምራልኝ ስለነበር ስወጣ ፀሐዩ ወጋኝ። ትራም ለመያዝ ሳልደፍር አንድ ካፌ ጥግ ቆሜ ዓይኔ እስኪመለስ ስጠብቅ፣ አጠገቤ የቆመችው መኪና ምን እንደሆነች ያወቅሁት በማየት ሳይሆን በማሽተት ነው፤ የቤንዚን፣ የሞቀ ጎማና ያረጀ ወንበር ሽታ። እጄን ዘርግቼ ፓራፋንጎዋን ዳሰስኩ። ክብ ነው። ቮልስ ነበረች። በዚያ ሰፈር አሮጌ ነገር ሁሉ እንደ ሙሽራ ተኳኩሎ ነው የሚቆመው፤ ድሮ ወዛደሮች የታጨቁባቸው ቤቶች እንኳን ዛሬ መስኮታቸው ሥር አበባ አላቸው። ቮልሷም ክሬም ቀለም ተቀብታ፣ ብረቷ ተወልውሎ ነበር። ሽታዋን ግን የኳለው ሰው የለም።

የእኛዋ ሙሽራ አልነበረችም። «የእኛ» የምላት በልማድ ነው እንጂ ባለቤቷ ሮልፍ ነበር፤ ሃውገንስቱዋ በሚባለው የዳር ሰፈር በነበርንበት ብሎክ ከታች የሚኖር የአውቶቡስ ጋራዥ ጡረተኛ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ እኔ፣ ታናሽ ወንድሜ ምትኩና ልጄ ሊዲያ ከእሱ በላይ ባለው ፎቅ እንኖር ነበር። ባለቤቴ ሊዲያ በተወለደች ዓመት አርፏል። እኔ የአረጋውያን ቤት እሠራለሁ፣ ምትኩ ደግሞ ከንጋት ጀምሮ ሴንትሩም፣ መሐል ከተማው ውስጥ፣ ቢሮ ያጸዳል። አገር ቤት ጋራዥ ውስጥ ነበር የጎለመሰው፤ እዚህ ኖርዌይ ምን ትሠራለህ ብሎ የሚጠይቀው ሲያገኝ፣ «ሹፌር ነኝ፤ የምነዳው ግን አቧራ የሚመጥ ማሽን ነው» ይል ነበር።

ከሮልፍ ጋር ያስተዋወቃቸው ድምፅ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከብሎኩ ጀርባ ካለው መጋዘን የቮልስ ሞተር ተነሣ። ያ ድምፅ ለእኛ አገር ሰው እንደ ዘመድ ድምፅ ነው፤ ምትኩ ኩባያውን አስቀምጦ የሸሚዙን ቁልፍ ሳይጨርስ ደረጃውን ወረደ። ለምሳ ሲመለስ እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ ነበር። «እትዬ፣ ሰውየው እኮ የእኛ አገር ሰው ነው» አለኝ። ምኑ ብለው፣ «አዎ ሲል ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል» አለ። እውነቱን ነው፤ ሮልፍ የሰሜን ሰው ስለነበር «ያ» የምትለውን ቃል ልክ እንደኛ እናቶች ወደ ውስጥ ነበር የሚተነፍሳት። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ በቋንቋ ብዙም አልተቸገሩም።

ቮልሷ የእሽቅድድም መኪና ነበረች። አሮጌ መኪና የሚወዱ ሰዎች መስታወቷንና የኋላ ወንበሯን አውጥተው፣ ሆዷ ውስጥ የብረት ዘንግ እንደ ጎጆ በይደው፣ በሯ ላይ ቁጥር ጽፈው፣ ከከተማው ወጣ ባለ የጠጠር ሜዳ ላይ ያሽከረክሩ ነበር። ሮልፍ ለዓመታት ራሱ ነድቷት ነበር፤ ዓይኑ እየደከመ ሲሄድ መሪውን ለምትኩ ሰጠው። እኔ አልወደድኩትም፤ አልወደድኩትም ብዬም አልተናገርኩም። «ቀበቶህን አጥብቀህ እሰር» ብቻ አልኩት።

ጉባኤያችን በዚያን ጊዜ ከኖርዌጂያኖች ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የሚከራየው እሑድ ከሰዓት ነበር። ሽማግሌያችን ጋሽ ዘውዴ የእሽቅድድሙን ወሬ መጀመሪያ ሲሰሙ፣ «ይህ ደግሞ ምን የሚሉት ዓለማዊነት ነው? ዞሮ ዞሮ እዚያው ለመድረስ!» ብለው ነበር። አንድ ቅዳሜ «ልጁን ልምከረው» ብለው መጡና ውለው ተመለሱ፤ ከዚያ በኋላ ከእሳቸው የባሰ ደጋፊ አልነበረም። በየሳምንቱ ዳቦና እንቁላል ተይዞ፣ በሁለት በሦስት መኪና ተጠቅጥቀን እንሄዳለን። ከውድድሩ በፊት ጋሽ ዘውዴ ወንዶቹን ሰብስበው በቮልሷ ጣራ ላይ እጅ ጭነው ይጸልያሉ፤ ሮልፍ ኮፍያውን አውልቆ ይጠብቅና በአሜን ፈንታ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ቆመው ያዩናል። አንዱማ በሚቀጥለው ሳምንት መጥቶ የእሱም መኪና እንዲጸለይላት በትሕትና ጠየቀ። «ፍሬኑን አሠርቶ ይምጣ» አሉ ጋሽ ዘውዴ፤ ግን ጸለዩላት።

በዚያ በጋ ሰው ሆነን ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በሳምንቱ ቀናት ሁሉ አንገታችንን ደፍተን በአገልግሎት በር የምንገባ ሰዎች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አጥር ላይ ተንጠልጥለን የራሳችንን ሰው ስም እንጠራ ነበር።

አደጋው የደረሰው በነሐሴ ነው። ቀኑ ደረቅ ነበር፤ ከመኪኖቹ ኋላ የሚነሳው አቧራ አጥሩ ጋ ደርሶ ጥርስ ውስጥ ይገባል። እኔ ሊዲያን በእጄ ይዤ፣ የእንቁላሉን ዘንቢል በእግሬ መካከል አድርጌ ቆሜያለሁ። በሁለተኛው ዙር መታጠፊያው ላይ ከፊት ያለችው መኪና ተሽከረከረችና በጎኗ ቆመች። ምትኩ ሊያልፋት ወደ ውጭ ወጣ፤ የዚያችኛዋ የፊት ጎማ ላይ ወጥታ ቮልሷ ተነሣች። ቀስ ብላ የተነሣች ነው የመሰለኝ። ተገለበጠች፣ ደግሞ ተገለበጠች፣ በጣራዋ ወድቃ በራሷ ላይ ትንሽ ዞረችና ቆመች። ጎማዎቿ ወደ ሰማይ ይሽከረከሩ ነበር። የሊዲያን ፊት ቀሚሴ ውስጥ ሸጎጥኩት።

ቀይ ባንዲራ ተውለበለበ። ቢጫ ሰደርያ የለበሱት የሜዳው ሠራተኞች እጃቸውን ዘርግተው ማንም እንዳይገባ ይጮኻሉ፤ አምቡላንሱ ከማዶ ተነሥቷል። የእኛ ሰዎች ግን አጥሩን ዘለዋል። ጋሽ ዘውዴ በሙሉ ልብሳቸው፣ ከኋላቸው የመዘምራኑ ወንዶች ሁሉ። ደርሰው ቮልሷን ከበቧት፣ ጫፍና ጫፏን ያዙ፣ «በኢየሱስ ስም!» የሚል አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ወንድሜ በውስጧ እንደታሰረ ገልብጠው በጎማዋ አቆሟት። ስትወድቅ ዘለል አለች። ከዚያም ቀበቶውን ቆርጠው በክንዳቸው ይዘውት ወጡ።

ማንም ሊፈርድባቸው አይገባም። ልጆች ሳለን ሻሸመኔ መግቢያ ላይ እህል የጫነ ኤንትሬ በጭቃ ተንሸራቶ ተገልብጦ ነበር። ገበያተኛው ሸቀጡን ጥሎ ሮጠ፤ አባቴም ሮጠ። እኔና ምትኩ ግንብ ላይ ሆነን አየን፤ ያን የሚያህል መኪና በትከሻ ተነሥቶ ሹፌሩ ከሥሩ ተመዘዘ። ሰውየው ድኖ ለፋሲካ በግ እየጎተተ ቤታችን መጣ። እኛ ያደግነው በዚህ ነው። የወደቀ ሰው ይነሣል፤ ያላነሣ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ሲወራበት ይኖራል።

ምትኩ ከወገቡ በታች አልተነሣም። ሐኪሞቹ አከርካሪው መቼ እንደተጎዳ መናገር አይቻልም አሉ፤ ሲገለበጥ ሊሆን ይችላል፣ በኋላም ሊሆን ይችላል። ምትኩ ግን አንድ ከሰዓት፣ ሆስፒታል ብቻችንን ሳለን፣ ጣራውን እያየ ነገረኝ። «ተዘቅዝቄ ሳለሁ ፍሪሲዮኑን እንደረገጥኩ ነበር፤ ፔዳሉ ሥር ያለው ሽቦ ሁሉ ይሰማኝ ነበር። ሲያቆሟት ፔዳሉ ጠፋኝ።» ብርድ ልብሱን እግሩ ላይ አስተካከልኩ። «እትዬ፣ ይህን ከአንቺ ሌላ ሰው አይሰማውም። በእጃቸው እኮ ነው ያነሡኝ።» ሁለተኛ አላነሣውም። እኔም አላነሣሁበትም።

ኮሙኑ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ማለት ነው፣ በዚያው ብሎክ ምድር ላይ ያለ፣ በሩ ሰፊ የሆነ ቤት ሰጠው። በየዓመቱ ነሐሴ የሜዳው ደጋፊዎች ከብሎኩ በታች ባለው ሣር ላይ ሥጋ እየጠበሱ ያን ቀን ይተርኩ ጀመር። በመጀመሪያው ዓመት ጋሽ ዘውዴ ሳህናቸውን እንደያዙ፣ «ምትኩ ልጄ፣ ምናልባት ባንቸኩል ኖሮ...» ብለው ጀመሩ። ምትኩ አላስጨረሳቸውም። «ባትቸኩሉማ አመድ ሆኜ ነበር። ጭሱን አላዩትም እንዴ?» አላቸው። እሳቸው ግራ ተጋብተው አዩት፤ ከዚያ ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጭስ አልነበረም። እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ ሁሉንም አይቻለሁ፤ የነበረው አቧራ ነው፣ እሱም ከመሮጣቸው በፊት ተቀምጧል። ሮልፍም ያውቅ ነበር። አንድ ቀን አሳንሰር ውስጥ፣ ጫማውን እያየ፣ «ጭስ አልነበረም» አለኝ፤ እኔ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩ፣ እሱም ሳበ። እስኪሞት ድረስ በየዓመቱ እዚያ ሣር ላይ ተቀምጦ ጭሱ ሲተረክ «ያ» ይል ነበር።

ጭሱ በየዓመቱ ወፈረ። መጀመሪያ ነጭ ነበር፣ ከዚያ ጠቆረ፣ ኋላ ነበልባል ጨመረበት፤ በመጨረሻ ጋሽ ዘውዴ ቅንድባቸው ተለብልቦ እንደነበር የሚምሉ ሰዎች ተገኙ። በእኔም መቀለድ ልማድ ሆነ። «ሁላችን እሳት ውስጥ ስንገባ እትዬ አስቴር እንቁላል ትጠብቅ ነበር» ይላሉ። ምትኩ ከሁሉ አብልጦ ይስቃል። እኔም ፈገግ እላለሁ። ሌሊት ሌሊት ጎኑን የማገላብጠው፣ እግሩን በዘይት የማሸው እኔ ነበርኩ፤ ይህ ግን ከቀልዱ ጋር የሚሄድ ነገር አልነበረም።

ምትኩ ከጥቂት ዓመታት በፊት በሳንባ ሕመም አረፈ። በዚያው ነሐሴ የቀሩት ለመታሰቢያው ሣሩ ላይ ተሰበሰቡ። ሊዲያም መጣች፤ አሁን አምቡላንስ ላይ ነው የምትሠራው፣ ከሥራ በቀጥታ ስለነበር ዩኒፎርሟን አላወለቀችም። ጋሽ ዘውዴ በከዘራ ተደግፈው ተረኩ። ቮልሷን ከገለበጡበት ላይ ሲደርሱ ሊዲያ ሳህኗን አስቀመጠች።

«ኔይ፣ አይ፣ ጋሽ ዘውዴ፣ ቆይ» አለች። «እሱ ውስጥ እያለ ነው የገለበጣችሁት? እንደዚያ የወደቀ ሰው እኮ አይነካም። አንገቱን፣ ወገቡን... ለምን አምቡላንሱን አልጠበቃችሁም?»

ክፋት አልነበረባትም፤ በየቀኑ የምትሠራውን ነው የተናገረችው። ወንዶቹ ግን የሚያዩበት አጡ። ከሥጋው የሚንጠባጠበው ስብ ፍሙ ላይ ሲጮኽ ይሰማል። አንዱ «ጭስ ነበር እኮ» አለ፤ ድምፁ ግን እንደ ጥያቄ ወጣ። ጋሽ ዘውዴ ከዘራቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ያን ያህል ዓመት ስንተዋወቅ ፊታቸውን እንዲያ ሆኖ አላየሁትም።

«አስቴር» አሉኝ። «እኛ እየሮጥን ነበርን፤ የሮጠ ሰው አያይም። ቆመሽ ያየሽው አንቺ ነሽ። ጭስ ነበር?»

የቀለዱብኝ ዓመታት ሁሉ ለዚያች ጥያቄ የተቀመጡ መሰለኝ። የምትኩ ተሽከርካሪ ወንበር ይቆምበት የነበረው ሣር ላይ የጎማው ፈለግ ገና አልጠፋም ነበር።

«ነበር» አልኩ። «ጥቁር ጭስ። ከሞተሩ በኩል።»

ጋሽ ዘውዴ ቁጭ አሉ። አንድ ሰው ውኃ ሰጣቸው። ቀስ በቀስ ወሬው ተመለሰ፤ ስለ ቅንድባቸው ሲነሣ ሳቁም።

ሊዲያ በመኪናዋ ወደ አዲሱ ቤቴ ስትሸኘኝ፣ ቀይ መብራት ላይ ቆመን ሳለን፣ መንገዱን እያየች፣ «እማዬ፣ ያን ቀን ፊቴን ቀሚስሽ ውስጥ ደብቀሽው ነበር» አለች።

«አዎ» አልኳት።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ሄድን።

ጋሽ ዘውዴ ባለፈው ዓመት በረዶው ሳይቀልጥ አረፉ። አሁን የዚያ ሜዳ ሰዎች ያለቁ ያህል ነው፤ ነሐሴ ሲመጣ ሣሩ ላይ የማናውቃቸው ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። በአጥር ላይ ተንጠልጥለን የምንጠራው ስምም የለንም። ለዚህ ነው ይህን መጻፍ የቻልኩት፤ የሚጎዳው ሰው ከዚህ በኋላ አይኖርም ብዬ አስባለሁ።

የግሩነርሎካዋ ቮልስ ባለቤት አንድ ወጣት ነበር። ከካፌው ወጥቶ እጄን ፓራፋንጎዋ ላይ ሲያይ አልተቆጣም፤ ትወጃታለሽ ወይ ብሎ በኖርዌጂያን ጠየቀኝ። ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩ። ገባና አስነሣት፤ ያው ድምፅ ነው። ስትሄድ ከኋላዋ ጥቂት ጭስ ወጣ፤ ሰማያዊ፣ ቀጭን። ጠብታው ገና ስላልለቀቀኝ ዓይኔን አጥብቤ አየሁት። ጥጉ ላይ ሳትደርስ ጠፋ።