የየኔታ ቢያዝን ጉልበት

የኔታ ቢያዝን ከይጁቤ ወጣ ብላ ባለች የገጠር ደብር የአቋቋም መምህር ነበሩ። አቋቋም በአፍ ብቻ የሚያስተምሩት ትምህርት አይደለም፤ መቋሚያ ይዞ፣ ከዜማው ጋር ሸብረክ ቀና እያሉ በእግር የሚያሳዩት ነው። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሲያሳዩ ኖረዋል። በሰሞነ ሕማማት ስግደት ደግሞ ሃምሳ ስምንት ዓመት ሞልቷቸውም ከጎረምሳው መካከል የሚቀድማቸው አልተገኘም። ይህን ያውቁት ነበር፤ ከማወቅም አልፈው ይወዱት ነበር።

በ2001 ዓ.ም. የሕማማት ሰኞ ሲሰግዱ ቀኝ ጉልበታቸው በድንጋዩ ወለል ላይ ተላጠ። ማክሰኞ አበጠ። ረቡዕ እንደ እሳት ፈጀ፤ ሰውነታቸውም ይንቀጠቀጥ ጀመር። በሌላ ሳምንት ቢሆን ሰው ይደነግጥ ነበር። በሕማማት ግን ጉልበቱን የማያመው ማን አለ? በጾም ብዛት የማይንቀጠቀጥስ? ሁሉም ያነክሳል፤ የእርሳቸውም ማነከስ ከሰው ማነከስ ጋር ተደባልቆ ቀረ።

ነገሩ የገባት ባለቤታቸው ታየች ብቻ ነበረች። ጉልበታቸውን በመዳፏ ዳሰሰችና፣ "ይሄ የስግደት ሕመም አይደለም። የስግደት ሕመም ሁለቱንም ጉልበት ነው የሚይዝ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ማርቆስ እንሂድ" አለቻቸው።

"ጌታ ተገርፎ ዝም ባለበት ሳምንት እኔ ለአንድ ጉልበት ብዬ ሐኪም ቤት ልሂድ?"

ታየች ዝም አለች። እርሳቸውም ዓርብ ዕለት ከወትሮው አብልጠው ሰገዱ። ቅዳሜ ጠዋት መነሣት አቃታቸው። ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ ይጁቤ፣ ከዚያም በመኪና ደብረ ማርቆስ አደረሳቸው።

በሆስፒታሉ ጉልበታቸው ተከፍቶ መግሉ ታጠበ፤ በደም ሥር መድኃኒት ይሰጣቸው ጀመር። በሁለተኛው ሳምንት የሚከታተላቸው ወጣቱ ዶክተር አንዷለም፣ ከጉልበታቸው የተቀዳው ፈሳሽ ዳግም ሲመረመር ባክቴሪያ እንዳልተገኘበት ነገራቸው። የኔታ ጉልበታቸውን አዩት። አሁንም እንዳበጠ ነው፤ አሁንም አይታጠፍም።

"ተውሳኩ ከሞተ ታዲያ ማን ነው የሚያቃጥለኝ ልጄ?"

"የራስዎ ሰውነት ነው የኔታ። ባክቴሪያው ሲገባ ሰውነት የድረሱልኝ መልእክት ይልካል። መልእክተኞቹ ሳይቶካይን ይባላሉ፤ ነጭ የደም ሴሎችን እየጠሩ ያዘምታሉ። ትኩሳቱም እብጠቱም የእነሱ ሥራ ነው። እነሱ ባይኖሩ ኖሮ በሕይወት አይቆዩም ነበር።"

"ጠላት ሲሞት አይመለሱም?"

"ቶሎ አይመለሱም።"

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በለኛ።"

ዶክተሩ ፈገግ አላለም። "ቢጮኽ ብቻ ምን ነበረበት። ጥሪው ሲበዛና ሲቆይ የመጣው ጦር ቤቱን ማፍረስ ይጀምራል። አጥንትና አጥንት እንዳይፋጩ የሚለየውን ለስላሳ ልባስ ይበላዋል። የእርስዎ አልቋል። ረቡዕ መጥተው ቢሆን ብዙው ይተርፍ ነበር።"

"ማሕሌት እቆማለሁ?"

"ይቆማሉ። ጉልበቱ ግን አይታጠፍም።"

ጉልበቱ የማይታጠፍ የአቋቋም መምህር። የኔታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አለቀሱ።

አገራቸው ሲመለሱ ተማሪዎቻቸው ወደ ሌላ ደብር ሄደዋል። ሕዝቡ ግን ሌላ ነገር ያዘ፤ ለጌታ ሲሰግዱ እግራቸውን የሰጡ አባት ተባሉ። ሴቶች የደረቀውን ጉልበት ይሳለሙ ጀመር። የኔታ አልከለከሏቸውም። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ሁሉ ካጡ በኋላ ይህች ክብር ትጣፍጣቸው ነበር። ታየችም ይህን ከዳር ሆና ታይ ነበር።

በዓመቱ የሆሳዕና ዕለት አንድ ቄስ በስብከቱ መካከል የየኔታን ጉልበት ምሳሌ አድርጎ ጠቀሰ፤ ሕዝቡም በዚህ ሳምንት እንዲሁ እንዲበረታ መከረ። የኔታ ወደ ሴቶቹ በኩል ተመለከቱ። ታየች አንገቷን ደፍታለች። መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"እግሬን ለጌታ አልሰጠሁም" አሉ። "ጌታም እግሬን አልጠየቀኝም። ረቡዕ ዕለት ሚስቴ ሐኪም ቤት እንሂድ አለችኝ። እንቢ ያልሁ ቢያዝን ስግደት አቋረጠ እንዳልባል ነው። አንድ ጉልበቱ ብቻ አብጦ የሚያቃጥለው ሰው ካለ በዚያው ቀን ይሂድ። የጎደለውን ስግደት እግዚአብሔር ይሞላለታል።"

ከዚያ ቀን በኋላ ጉልበታቸውን የተሳለመ ሰው የለም።

ወደ ቤት ሲመለሱ ታየች መንገድ ላይ ቆመች።

"ያኔ ዝም ማለት አልነበረብኝም። ጮኼ ጎረቤት መጥራት ነበረብኝ። እግርዎን ያሳጣሁ እኔ ነኝ" አለች።

ዓመት ሙሉ ይህን ይዛ ኖራለች። የኔታ አገር ሲሳለማቸው እርሷ ምን ተሸክማ እንደምትውል አንድ ቀን እንኳ አልጠየቋትም ነበር።