አያ ሰውየውን አልተወም

በዓረብ አገር፣ ከባይሽ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከሸለቆው ዳር ባለ አንድ እርሻ ላይ ሦስት ሆነን እንሠራ ነበር። ማሽላውንና የከብቱን ሣር እናጠጣለን፣ በጎችና ፍየሎች እንጠብቃለን። የእርሻውን ባለቤት ከፊል፣ የመኖሪያ ዋስ፣ እንለዋለን እንጂ ወረቀት ያወጣልን ሰው አይደለም። ሦስታችንም በየመን በኩል በእግራችን የገባን ነን፤ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለንም። ዶሪያ፣ የፖሊሱ ቅኝት መኪና ማለት ነው፣ በአስፋልቱ ሲያልፍ ካየን ማሽላው ውስጥ ገብተን ቁጭ እንላለን። ለዓመታት ስላደረግነው ኋላ ኋላ ልባችንም በፍርሃት መምታት ትቶ ነበር።

ከሦስታችን ታላቁ ከእኔ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ይበልጣል። እኔና እሱ የወሎ የአንድ ወረዳ ሰዎች ነን፤ አያ እለዋለሁ። አገር ቤት ሚስትና አንዲት የተዳረች ልጅ ነበሩት። ሌላው የእኔ እኩያ ነው፤ ከወንዙ ማዶ ካለው ወረዳ። በእኛና በእነሱ መካከል ያለው ያ አንድ ወንዝ ብቻ ነው፤ በበጋ ከጉልበት አያልፍም። ገበያችን አንድ ነበር። እንጋባለን፣ እንቀባበራለን። የአያም ልጅ የተዳረችው ማዶ ነው። የመን ውስጥ የአያ እግር አብጦ መራመድ ሲያቅተው ሁለት ቀን ሙሉ ደግፎ ያመጣው ይኸው የማዶው ጓደኛችን ነው። እኔ ያን ጊዜ የራሴን ጀሪካን መሸከም አቅቶኝ ከኋላ ከኋላ ስጎተት ነበር።

ሰውየው የምለው የወረዳችንን ፖለቲከኛ ነው። ስሙን መጥራት አልፈልግም፤ ብጠራውም የሚለወጥ ነገር የለም። ከአገር ሳልወጣ አንድ የገበያ ቀን ፒካፕ ላይ ቆሞ ሲናገር አይቼዋለሁ። ሌሎቹ ባለሥልጣናት ሲመጡ ስለ ልማት የተጻፈ ወረቀት ያነቡልን ነበር። እሱ ወረቀት አልያዘም።

«ጤና ጣቢያው መድኃኒት የለውም፤ አይደል?» አለ።

የለውም አልን።

«ልጆቻችሁ ባሕር እየገቡ ነው፤ አይደል?»

ነው አልን። የምናውቀውን ነው የነገረን። ግን ያ ነገር በድምፅ ማጉያ ሲነገር ሰምተን አናውቅም ነበር። አጠገቤ የቆመ ሽማግሌ ኮፍያውን አውልቆ እጁ ላይ እንደያዘ ሲያዳምጥ ቆየ፤ ለምን እንዳወለቀው እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ባይሽ ከገባን በኋላ የሰውየው ንግግር በስልክ ይደርሰን ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቦይ ስንጠርግ አያ የተላከለትን ድምፅ ከፈተ። ሰውየው እንዲህ ይላል፦ «በዓረብ በረሃ ከሰው በግ ኋላ የምትሄዱ ልጆቼ፣ እኔ አልረሳኋችሁም። ለዚህ የዳረጋችሁ የእናንተ ጥፋት አይደለም።»

አያ አካፋውን አስቀመጠና ደግሞ ከፈተው። ከዚያ ደገመው። በስድስት ዓመት ውስጥ ከፊሉ ስማችንን ጠይቆን አያውቅም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ አላስፈለገውም። «ያ ሐበሺ»፣ አንተ ሐበሻ፣ ሲል ሦስታችንም ቀና እንላለን፣ በጣቱ የፈለገውን ያሳያል፣ የቀረነው ወደ ሥራችን እንመለሳለን። አገር ቤት ስንደውልም ወሬው የሚያስፈልጋቸው ነገር ነው። እኛን ብሎ፣ የት እንዳለን አውቆ የተናገረን ያ ድምፅ ብቻ ነበር። እኔም ደስ ብሎኛል። አያ ብቻ ነው ብል እዋሻለሁ። የማዶው ጓደኛችንም አብሮን ሰምቶ «እውነቱን ነው» ብሏል።

ጥፋቱ የእኛ ካልሆነ የማን እንደሆነ ለመናገር ሰውየው ጥቂት ወራት ፈጀበት። የማዶ ሰዎች ናቸው አለ። ግጦሹን የወሰዱት፣ ገበያውን የያዙት፣ መንገዱን ወደ እነሱ ያዞሩት እነሱ ናቸው አለ። መጀመሪያ ላይ አያ ይህንን ሲሰማ ድምፁን ይቀንስ ነበር፤ ጓደኛችን እንዳይሰማ። ቆይቶ መቀነሱን ተወ።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ነው። ሩዙን እኔ ሠርቼ በአንድ ትሪ አቀረብኩ። አያ የራሱን ድርሻ በማንኪያ ወደ ሌላ ሳሕን አወጣና ዞር ብሎ ተቀመጠ።

«አያ፣ ምን አጠፋሁ?» አለ የማዶው።

«አንተ አላጠፋህም። ወገኖችህ ናቸው።»

«ልጅህስ የእኛ ሰው ሚስት አይደለችም? አብራን አይደለም የምትበላ?»

«የልጄን ነገር አታንሳ።»

ሁለቱም ወደ እኔ አዩ። ትሪው ፊቴ ነበር፤ እጄም ሩዙ ውስጥ ነበር። አንድ ነገር መናገር እችል ነበር። በላሁ።

ከዚያ በኋላ የማዶው ብዙ አልቆየም። ወደ አር-ሪስ ተራራዎች ወጥቶ በግ የሚጠብቅበት ሥራ አገኘ። የሄደ ቀን ጠዋት እስከ አስፋልቱ ሸኘሁት። ጉብራ የሚሉት የበጋው አቧራ ተነሥቶ ስለነበር ፊታችንን በሻሻችን ሸፍነን ነው የሄድነው። የሚወስደው ጭነት መኪና ላይ ሳይወጣ በፊት «አያ እግሩን በክረምት ያመዋል። በዘይት እሽለት» አለኝ። እሺ አልኩት። የተመለስኩት ምንም ሳይሰማኝ ነው። ይህንን የምጽፈው ያኔ ያልተሰማኝ ነገር አሁንም በደንብ ስለማይሰማኝ ነው፤ እንደደነዘዘ እግር፣ እንዳለ አውቃለሁ እንጂ አላገኘውም።

በቀጣዩ ዓመት አገር ቤት ነገሩ ከፋ። ሰውየው በክልሉ ትልቅ ሥልጣን አግኝቶ ነበር። ታጣቂዎቹ ወንዙ ዳር ሰፈሩና መሻገሪያው ተዘጋ። ከማዶ ወደ እኛ፣ ከእኛ ወደ ማዶ ማንም አያልፍም ተባለ። አያ ዜናውን ሲነግረኝ ፊቱ ላይ ኩራት ነበረ። «አሁን ያውቁናል» አለ።

የአያ ልጅ ማዶ እያለች ምጥ ያዛት። ሁለተኛዋ ነበር፤ የመጀመሪያዋ ትንሽ ሴት ልጅ ናት። ማዶ ጤና ጣቢያ የለም፤ ያለው በእኛ በኩል ነው። ባልዋና ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ተሸክመው ወንዙ ዳር አደረሷት። ታጣቂዎቹ ትእዛዝ ነው፣ አይታለፍም አሉ። ከመካከላቸው አንዱ የአያ የአክስት ልጅ ነበር። ያውቃታል። ለበላይ ልደውል አለና ደወለ፤ የሚያነሣ አላገኘም። ከረፋዱ ጀምሮ ውሃው አጠገብ አስቀምጠዋት ጠበቁ። አሥር ሰዓት ሲሆን እሷም በሆዷ ያለውም ሞቱ።

ስልኩ ሲደወል በጎቹን እያጠጣን ነበር። የደወለው የአያ ወንድም ነው። አያ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መካከል ይዞ፣ በእጁ የውሃውን ቱቦ ከአንዱ ገንዳ ወደ ሌላው እያዞረ ሰማ። «እሺ» ይላል። «መቼ?» ይላል። «እሺ።» ስልኩን ኪሱ ከተተና ማጠጣቱን ቀጠለ። የመጨረሻው ገንዳ እስኪሞላ ድረስ አልነገረኝም። ከዚያ የውሃ መሳቢያውን ሞተር አጠፋና «ልጄ አልፋለች» አለኝ። «መሻገሪያው ላይ።»

ኢና ሊላሂ ብዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አላለቀሰም። እኔም አላለቀስኩም። በጎቹ ጠጥተው ወደ ጥላው ሄዱ።

በአራተኛው ቀን ስልኩን ከፍቶ የሰውየውን ንግግር ሲያዳምጥ አገኘሁት። ማመን አቃተኝ ማለት አልችልም፤ የጠበቅኩትም ይመስለኛል። አጠገቡ ቁጭ ብዬ እስኪጨርስ ጠበቅኩና ጠየቅኩት።

«አያ፣ መሻገሪያውን ያስዘጋው እሱ አይደለም?»

«እሱ ይህንን አላወቀም። ከሥሩ ያሉት ናቸው።»

«ትእዛዙ የእሱ ነው። በራሱ አፍ ሲናገር አብረን ሰምተናል።»

«መዝጋት ነበረበት» አለ። «ካልተዘጋ ይጨርሱናል።»

«ልጅህ ልትጨርሰን አልመጣችም። ልትወልድ ነው የመጣች።»

ሲቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጣም። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬት እያየ እንዲህ አለኝ፦ «አንተ ልጅ የለህም፤ አይገባህም። እሱ ልክ ከሆነ ልጄ ለአገር ሞተች። እሱ ከተሳሳተ ልጄ በምን ሞተች? ንገረኝ እስቲ። በምን ሞተች ልበል?»

ሰዎች ስለ ሰውየው ደጋፊዎች ሲናገሩ እሰማለሁ፤ ተታለዋል፣ አልተማሩም፣ ጥቅም አላቸው ይላሉ። አያ አልተታለለም። የሆነውን ከእኔ በተሻለ ያውቃል። ጥቅምም የለውም። እኔ ሰውየውን የተውኩት መቼ እንደሆነ እንኳ አላስታውስም፤ የሚላክልኝን ድምፅ ሳልከፍተው እንደማልፍ አንድ ቀን ልብ አልኩ፣ ኸላስ፣ አለቀ። ቀላል የሆነልኝ ብልህ ስለሆንኩ አይደለም። ለሰውየው ብዬ ያጣሁት ነገር ስላልነበረ ነው። አያ ግን መጀመሪያ ያሻገረውን ጓደኛ ሰጠ፣ ቀጥሎ ልጁን ሰጠ። ከዚያ ወዲህ መመለሻ የለውም።

ወሬው አር-ሪስ ድረስ ደረሰ። የማዶው ጓደኛችን በጎች ከጫነ መኪና ላይ ተፈናጥጦ፣ ዶሪያ የሚበዛበትን መንገድ አቋርጦ ለተዕዚያ፣ ልቅሶ ለመድረስ፣ መጣ። ከሰዓት በኋላ ነበር። አያ ሲያየው ተነሣ፤ ከምንጣፉ ላይም ቦታ ለቀቀለት። ሦስታችንም እጃችንን ዘርግተን ፋቲሐ ቀራን።

«አላህ ያጥናህ፣ አያ» አለ የማዶው። «ባልዋ የአጎቴ ጎረቤት ነው። ትንሿን ልጅ እናቱ ይዘዋታል። ደህና ናት።»

«አሚን» አለ አያ።

«ከባልዋ ጋር ባገናኝህ ትወዳለህ? ቁጥሩ አለኝ።»

አያ አፉን ከፈተ፤ እሺ የሚል መስሎኝ ነበር። «ወገኖችህ ባይነሡ ኖሮ መሻገሪያው አይዘጋም ነበር» አለ፤ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ የአየሩን ነገር እንደሚናገር ሰው።

የማዶው ራሱን ነቀነቀ። አልተከራከረም። ሻይ አፍልቼለት ነበር፤ ጠጣና መኪናው እንዳያመልጠው ብሎ ተነሣ። በዚያ ቀን አልሸኘሁትም። በጎቹ ወደ ማሽላው ገብተው ስለነበር እነሱን ለማስወጣት ሮጥኩ። ምክንያቱ ይህ ነው ብዬ ራሴን አሳምኛለሁ።

ዓመት ሳይሞላ ሰውየው ታረቀ። ቪዲዮውን አያ ነው ያሳየኝ። አዳራሽ ውስጥ ከማዶዎቹ መሪ ጋር ተቃቅፎ ይስቃል። ወንድማማች ነን፣ የለያዩን ጠላቶች ናቸው አለ። መሻገሪያው በዚያው ሳምንት ተከፈተ። አሁን አያ ምን ይል ይሆን ብዬ ፊቱን አየሁት።

«አየህ» አለኝ። «ጥበበኛ ነው። ጊዜውን ጠብቆ አስታረቀን።»

«እንግዲያ ለጓደኛችን እንደውልለት? ታርቀናል እኮ።»

«ለምን?» አለኝ። የምሩን ነው የጠየቀኝ። ስልኩን ኪሱ ከትቶ ሣሩን ለማጨድ ሄደ።

ከዚያ በኋላ አያ የእግሩ ሕመም ባሰበትና ልግባ አለ። ወረቀት የሌለው ሰው አገሩ የሚገባበት መንገድ አንድ ነው፤ ለፖሊስ እጁን ሰጥቶ ተርሒል፣ ማባረሪያው እስር ቤት፣ ይገባል። ልብሱን በፌስታል ቋጥሮ ጠዋት በእግሩ ወደ አስፋልቱ ወጣ። ተቃቀፍን። ከስምንት ሳምንት በኋላ ከአገር ቤት ደወለልኝ። ወንዙን ተሻግሮ የልጅ ልጁን አምጥቷል። አብራው ትኖራለች። ከአማቹ እናት ቤት ያመጡለት ፍየልም አለ፤ ለእሷ ወተት ያልባል።

«ስለ እናቷ ትጠይቅሃለች?» አልኩት።

«ትጠይቀኛለች። አገር የምታውቃት ጀግና ነበረች እላታለሁ።»

«ሰውየውስ? እናንተ ዘንድ መጥቶ ያውቃል?»

«ባለፈው ገበያ መጥቶ ነበር» አለ። ድምፁ ሞቅ አለ፤ ከልጁ ሞት ወዲህ እንደዚያ ሰምቼው አላውቅም። «ተሸክሜያት ሄድኩ። ሕዝቡ ብዙ ነበር፤ ከሩቅ ነው ያየነው። እጁን ሲያወዛውዝ እሷም አወዛወዘችለት።»

ጥሩ ነው አልኩት። እግሩ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኩት፤ ደህና ነኝ አለኝ። ከፊሉ ከበሩ «ያላ»፣ ቶሎ በል፣ እያለ ይጠራኝ ስለነበር ስልኩን ዘጋሁ። ከዳማድ የመጣ ሰው በጎች ሊገዛ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር፤ ሄጄ ሁለቱን ያዝኩለት።