ነስረዲንና የሃታ ዳገት

ነስረዲን የኮምቦልቻ ሰው ነው። ዱባይ አቅራቢያ አጅማን ላይ አንዲት ጠባብ ጋራዥ ውስጥ ብስክሌት ይጠግን ነበር። ቀጭን ነው፤ ሲስቅ አፉን ይሸፍናል። ጣቶቹ ላይ ያለው ግራሶ በምንም ሳሙና ስለማይለቅ ሰው ሲጨብጥ ክንዱን ነው የሚያቀርበው። ይህን የምጽፈው እሱ እንዲያነበው አይደለም። ቢያነበው ምን እንደምለው አላውቅም።

እኔ ኪሩቤል እባላለሁ፤ አየር መንገድ ውስጥ የጭነት ክብደት አስላለሁ። የቱ ሻንጣ በአውሮፕላኑ ሆድ የት ጋ ይቀመጥ የሚለውን ሳልፈርም ምንም አይነሳም። በዚህ ምክንያት እሁድ እሁድ ጠዋት አል ማምዛር የባሕር ዳርቻ አብረን ብስክሌት የምንጋልበው አበሾች የቁጥር ሰው አድርገው ሾመውኛል። ውድድር ሲኖር ማን በስንት ደቂቃ እንደሚገባ አስቀድሜ የምናገረው እኔ ነኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ የሳትኩት አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም የሰውየው ጎማ ተንፍሶ ነው። እንዴት እኮራ እንደነበር ሳስታውሰው አሁን ፊቴን ያቃጥለኛል።

ጥበቡ ቀላል ነው። ዱባይም ሻርጃም ለጥ ያለ ሜዳ ስለሆነ ዳገት የሚችለውን የምንለየው አል ሙራቃባት ሰፈር ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ፣ ባለበት በሚሽከረከር ብስክሌት ነው። ሰውየው ሃያ ደቂቃ ይረግጣል፣ መሣሪያው ጉልበቱን በዋት ይናገራል። ያንን ለኪሎው ማካፈል ነው። ዳገት ላይ ሰው የሚሸከመው ራሱን ነውና ጉልበቱ የበዛው ሁሉ አያሸንፍም፤ ለእያንዳንዱ ኪሎው ብዙ ጉልበት የሚደርሰው ነው የሚያሸንፈው።

ባለፈው ጥር ተራራማው ሃታ ላይ የዳገት የሰዓት ውድድር ተዘጋጀ። ተወዳዳሪው ለብቻው ይነሳል፣ ከሰዓት ጋር ብቻ ይፎካከራል። ለየአገሩ ቡድን አንድ አንድ ቦታ ተሰጠ። የእኛን ቦታ የፈለጉት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ነስረዲንና ጋሽ ዓለሙ።

ጋሽ ዓለሙ የባንክ ሰው ናቸው፤ ሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ሰውነታቸው ደልደል ያለ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት በጉብኝት ቪዛ መጥቼ ቤድ ስፔስ የሚሉትን የኪራይ አልጋ እንኳ አጥቼ ስንከራተት፣ አልጋቸውን ለቀውልኝ አራት ወር መሬት ላይ ተኝተዋል። አልወለዱኝም እንጂ አባቴ ናቸው። ለዚህ ውድድር ደግሞ ባንዲራ ያለበት ሸሚዝ አሰፍተዋል፤ አዲስ አበባ ላሉት ልጆቻቸውም ደውለው ነግረዋል።

ሳሎን ውስጥ ከመለካታችን ሦስት ቀን በፊት ነስረዲን ጎማዬን እየነፋልኝ አንድ ነገር ነገረኝ። ጋራዡ ተዘግቷል፣ ቪዛው ተሰርዟል፤ ከአገር ለመውጣት የቀረው ሃያ አምስት ቀን ነው። ሻርጃ ውስጥ የውድድር ብስክሌት የሚሸጥ አንድ ሰውዬ ግን ከደንበኞቹ ጋር መጋለብ የሚችል መካኒክ ይፈልጋል። «በውድድሩ ሃታን ከሃያ ደቂቃ በታች ከወጣህ ሹግልም ቪዛም አለህ ብሎኛል» አለኝ፤ ሹግል ሥራ መሆኑ ነው። ቀጥሎም «ለማንም እንዳትናገር፤ ሰው አዝኖልኝ ቦታ እንዲለቅልኝ አልፈልግም። እግሬ ይናገርልኝ» አለ።

እግሩ ተናገረ። ሁለት መቶ አርባ ስምንት ዋት፣ ኪሎው ሃምሳ ዘጠኝ። ጋሽ ዓለሙ ሁለት መቶ ሰባ ዋት፣ ኪሏቸው ሰማንያ አራት። ወረቀት ሳልነካ በልቤ አካፈልኩት። ነስረዲን አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ይገባል፤ ጋሽ ዓለሙ ሃያ አምስት ከገቡም ተመስገን ነው።

«እህ ልጄ፣ እንዴት ነኝ?» አሉኝ ጋሽ ዓለሙ ላባቸውን በፎጣ እየጠረጉ። ቤቱ ሙሉ ሰው ያየኛል። ሸሚዙ ወንበር ላይ ተሰቅሏል።

«ጋሽ ዓለሙ ሁለት መቶ ሰባ፣ ነስረዲን ሁለት መቶ አርባ ስምንት» ብዬ አነበብኩ። ለኪሎ ያካፈልኩትን ለራሴ አስቀረሁት።

ነስረዲን ቀስ ብሎ «ኪሎ አይታይም እንዴ?» አለኝ።

«የሰዓት ውድድር እኮ ነው። ዋናው ጉልበት ነው» አልኩት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

«እሺ፣ አንተ ታውቃለህ» አለና የጋሽ ዓለሙን የብስክሌት ወንበር ከቁመታቸው ጋር ሊያስተካክል ጎንበስ አለ። የተማረ ሰው አይዋሽም ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ቦታው ለጋሽ ዓለሙ ተሰጠ፤ እስከ ውድድሩ ስድስት ቀን ነበረኝ። ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ስድስቱም አለፉ። ውለታ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ እንጂ ፍርሃት ነበር፤ የጋሽ ዓለሙን ፊት ሲጠቁር ማየት ፈራሁ።

በውድድሩ ቀን ነስረዲን የብስክሌት መጠገኛ ዕቃውን ይዞ አብሮን ሄደ። ጋሽ ዓለሙ ሁለተኛው ኩርባ ላይ ወርደው ብስክሌቱን እየገፉ ወጡት። ሠላሳ አራት ደቂቃ ፈጀባቸው። የሻርጃው ሰውዬ ሰዓቱን ይዞ መጨረሻው ላይ ቆሟል፤ ነስረዲን የጋሽ ዓለሙን ውኃ ይዞ ከሱ አምስት እርምጃ ራቅ ብሎ ቆሟል። ያኔም ቢሆን ሄጄ «ይህንን ሰው ፈትነው» ማለት እችል ነበር። ግን ለምን እሱን እንዳላስወዳደርነው ልጠየቅ ነው። መኪናው ኋላ ሄጄ ስልክ የማወራ መሰልኩ። ሰው መሳይ በሸንጎ!

ስንመለስ ጋሽ ዓለሙ «ኸላስ፣ ዳገትና እኔ ተለያይተናል» እያሉ በራሳቸው ሲስቁ ሁላችንም ሳቅን። ነስረዲንም ሳቀ።

የነስረዲን ቪዛ መሰረዙን፣ የሻርጃውንም ሥራ፣ እኔ ይህን አውቅ እንደነበርም ጋሽ ዓለሙ የሰሙት አውሮፕላን ማረፊያ ስንሸኘው ነው። ነስረዲን ከገባ በኋላ ክንዴን ያዙኝና «ምነው ብትነግረኝ! ለአንድ ሸሚዝ ብዬ የሰው እንጀራ የምዘጋ መስዬህ ነው?» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት አብሬያቸው ኖሬ አላወቅኳቸውም። አካፍዬ የደበቅኩትን ቁጥር ግን ያኔም አልነገርኳቸውም። እሳቸውም የቆጫቸው የቪዛው ነገር ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት ነስረዲን ከኮምቦልቻ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። ሰላምታው ረጅም ነው፤ የጋሽ ዓለሙን ጤና ሁለት ጊዜ ጠየቀ። ከዚያ እንዲህ አለ፦

«ብስክሌቴን ሸጥኩት፣ ኪሩዬ። እዚህ ክለብ ልሞክር ብዬ ነበር፣ ኋላ ሳስበው ተውኩት። ጋሽ ዓለሙ በዚያ ዕድሜያቸው በጉልበት ከበለጡኝ፣ እሳቸውም ዳገቱን ገፍተው ከወጡት፣ እኔማ የት ልደርስ ነበር? ወላሂ፣ ሰው ፊት ሳልዋረድ ስላስቀረኸኝ አላህ ይስጥልኝ።»

ሦስት ጊዜ ሰማሁት። እውነቱን ልጽፍለት ጀመርኩ፤ ሁለት መስመር ጽፌ አጠፋሁት። ከዚያ «አሜን» ብዬ ላኩለት።