ዜሮ የሚበላው ሰንጠረዥ

ይህን ታሪክ ሳልጽፈው ልቀር ነበር። የዳታቤዝ ትምህርቴን ገና ያልጨረስሁ ተማሪ ነኝና፣ የአክስቴን ሥራ አዛብቼ እንዳላቀርብ ፈራሁ፤ ረቂቁንም ደጋግሜ ቀደድሁት። የተረፈው ይህ ነው።

አክስቴ በአንድ ክሊኒክ ውስጥ የኮምፒውተር ሥርዓቱን የምትጠብቅ ባለሙያ ናት። በተፈጥሮዋ ተጠራጣሪ ናት። ሚዛኑ ላይ የሻጩን አውራ ጣት ሳታይ ድንች አትገዛም፤ በር ቆልፋ እጀታውን ከነቀነቀች በኋላ ጥቂት ሄዳ፣ ተመልሳ ደግማ ትነቀንቀዋለች። እናቷ «ይህች ልጅ የገዛ ጥላዋንም መታወቂያ ትጠይቃለች» ይላሉ። የእሷ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

አንድ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ አስጠራትና በሩን ዘጋ።

«የላቦራቶሪው ሰውዬ ውጤት እየደበቀ ነው» አላት። «የአንድ ታካሚያችን፣ የልብስ ሰፊው፣ የደም ምርመራ ውጤት ዛሬም ሐኪሙ ዘንድ አልደረሰም። አንቺ ብቻ አረጋግጪልኝ፤ ዛሬውኑ አሰናብተዋለሁ።»

እውነቱን ለመናገር፣ አክስቴም የላቦራቶሪ ባለሙያውን ጠርጥራቸው ነበር። ሽማግሌው ሳይጠየቁ መማል ያበዛሉ። ሄዳም ከኋላቸው ቆመች።

«ምነው ልጄ፣ ደም ልትሰጪ ነው?» አሉ ሳይዞሩ።

«አይ ጋሼ፣ እንዲያው ነው።»

«እንዲያው የሚቆም ሰው አላውቅም። በልጆቼ እምላለሁ፣ አስገብቼዋለሁ! በይ አሁንም ደግሜ ላስገባው፣ እዪ፤ ዜሮ፣ ዜሮ፣ አራት፣ ሰባት፣ ሁለት። ልብስ ሰፊው ይኸው አይደል?»

አየች። ቁጥሩ ትክክል ነበር፤ የኮምፒውተሩ የውጤት ማስገቢያ ገጽም «ተመዝግቧል» ሲል መለሰ። ወዲያው ወደ ሐኪሙ ክፍል ገብታ የልብስ ሰፊውን ካርድ ብታስከፍት «ውጤት የለም» ይላል። ጥርጣሬዋ ከሽማግሌው ላይ ተነሥቶ ማሽኑ ላይ አረፈ።

ወደ ቢሮዋ ተመልሳ ሁለቱን ሰንጠረዦች ጎን ለጎን ከፈተቻቸው፤ አንዱ የታካሚዎች ካርድ የሚቀመጥበት፣ ሌላው የምርመራ ውጤት የሚመዘገብበት ነው። ክሊኒኩ ቀደም ሲል አንድ ሌላ ክሊኒክ ጠቅልሎ ነበር፤ የዚያ ታካሚዎች እንዲለዩ በካርድ ቁጥራቸው ፊት ሁለት ዜሮ ተጨምሮላቸዋል። የካርዱ ሰንጠረዥ ይህን ቁጥር የሚያስቀምጠው እንደ ጽሑፍ ስለሆነ ዜሮዎቹ በቦታቸው ይቆያሉ። የውጤቱ ሰንጠረዥ ግን የሚያስቀምጠው እንደ ሒሳብ ቁጥር ነው፤ ለሒሳብ ደግሞ ከፊት ያለ ዜሮ ትርጉም የለውምና ይጥለዋል። 00472 ተጽፎ ይገባል፣ 472 ሆኖ ይቀመጣል።

አክስቴ 472ን ከፈተች። ካርዱ ለዓይኗ ሕክምና የምትመላለስ የአንዲት ተማሪ ነው። የልብስ ሰፊው ከፍተኛ የስኳር መጠን በልጅቷ ስም ሥር ተቀምጧል። ውጤቱ አልጠፋም፣ የሰው ቤት ገብቶ ነው።

እንዴት ማንም አላገደውም? ሁለት ሰንጠረዦች በማያያዣ ሲታሰሩ፣ ባለቤት የሌለው ውጤት በሩ ላይ ይመለሳል። ነገር ግን ዳታቤዙ አንዱ ጽሑፍ፣ ሌላው ቁጥር የሆነበትን ጥንድ አላስርም ይላል። ከእሷ በፊት የነበረው ባለሙያ እምቢ ሲለው ዓይነቱን ከማስተካከል ይልቅ ማያያዣውን ጨርሶ ትቶት «ለጊዜው» ብሎ አልፏል፤ ያኔ ሁለቱንም ጽሑፍ አድርጎ ቢያስራቸው ኖሮ ዜሮው አይበላም ነበር።

«ታዲያ ሁለቱንም ቁጥር አድርጊያቸዋ!» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ያገኘችውን ስትነግረው። «ቀላል አይደል እንዴ?»

አክስቴ «ቀላል» ሲባል ጆሮዋ ይቆማል። «ሁለቱንም ቁጥር ካደረግኋቸው ልብስ ሰፊውና ልጅቷ አንድ ሰው ሆኑ ማለት ነው። አንዱ ሲታመም ሌላው ይወጋ?»

«ሰውዬውስ?»

«እሳቸው በትክክል አስገብተዋል፤ ቆሜ አይቻለሁ። አህያውን ፈርተን ዳውላውን አንምታ።»

ሥራው እስኪያልቅ የውጤት ማስገቢያውን ገጽ ዘጋች፤ ውጤትም ለሐኪሞቹ በወረቀት እንዲደርስ አደረገች። የውጤቱን ሰንጠረዥ ወደ ጽሑፍ ለወጠችው። የተበሉት ዜሮዎች ግን በዚህ አይመለሱም። በግምት መሙላት ስላላመነችበት፣ ከሽማግሌው ጋር ተቀምጣ እያንዳንዱን ውጤት ከሐኪሙ ትእዛዝ ጋር እያስተያየች ባለቤቱን ፈለገች። የልብስ ሰፊውም ውጤት ሐኪሙ ዘንድ ደረሰ። በመጨረሻ ሰንጠረዦቹን አሰረቻቸው። ማሰሪያውንም ስላላመነችው፣ በሌለ ካርድ ስም ውጤት ለማስገባት ሞከረች። ዳታቤዙ አልቀበልም አላት። ያን ጊዜ ፈገግ አለች።

ሥራ አስኪያጁ የስንብቱን ነገር ዳግም አላነሣም፤ ይቅርታም አልጠየቀም። የጠየቀችው እሷ ናት።

«ጋሼ፣ እኔም ጠርጥሬዎት ነበር።»

«አጣሁት እንዴ? ማጅራቴን ስታቃጥይው ነበር'ኮ!» ብለው ሳቁ። «ግን ሳታዪ አልፈረድሽም።»

አንድ ሽማግሌ ያለ ጥፋታቸው ከሥራ እንዳይባረሩ፣ አንዲት ልጅም የሌላ ሰው መድኃኒት እንዳትወስድ አድርጋለች። አክስቴ ምስጋና ይገባታል።