ለእንፍራንዙ ሰርግ የቀባሁት ሳጥን

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርሁም። እናንተ ስሙኝ፤ የሰርግ ነገር ነውና ብትስቁም አልቀየምም።

ፀዳ ከተማ ውስጥ ከጓደኛዬ ከጌትነት ጋር የስፒከር ሳጥን እንሠራለን። ያኔ እኔ ኮምፔንሳቶውን ቆርጬ እገጥማለሁ፤ እሱ ስንጥቁን በስቱኮ ሞልቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ይቀባል። ሲቀባ ያፏጫል። ከሥራው ሁሉ የሚወደው መቀባቱን ነበር።

እንፍራንዝ ለሚደገሰው ለአያ ሞላ ልጅ ሰርግ ሁለት ትልልቅ ጥቁር ሳጥኖች ሠራን። ጌትነት ቀብቶ ጨረሰ፤ በደንብ ደረቀ። «ሸጋ ሆኗል፤ ከእንግዲህ እንዳትነካው» አለኝ።

እኔ ነካሁት። ሳጥኖቹን ወስደን የሰርጉ ድንኳን ውስጥ አቁመን ጌትነት መብራት ሊያስቀጥል ሲሄድ፣ የተረፈውን ቀለም አውጥቼ የአንዱን ጎን ደገምሁት። ማን አዘዘኝ? ማንም። የበለጠ እንዲያብረቀርቅ፣ የኔም እጅ እንዲታይበት ፈልጌ ነው።

ዘፈኑ ተከፈተ። አያ ሞላ ሲጨፍሩ ቆይተው ደከማቸውና ያን የደገምሁትን ሳጥን ተደገፉ። ቀና ሲሉ የአዲሱ ነጭ ጋቢያቸው ጀርባ ጠቁሯል። ወደ እኛ ዞሩ።

«ምነው ልጆቼ፣ ማነው ይህን የቀባው?»

«ቀቢው ጌትነት ነው» አልሁ። ይህን ያልሁት እኔው ነኝ፤ በዚህችው አፌ።

ጌትነት አንገቱን ደፋ። «ይቅር ይበሉኝ አያ፤ የደረቀ መስሎኝ ነው።»

አያ ሞላ ጋቢያቸውን ገልብጠው አዩና፣ «ልጄን ስድር እኔም ተኳልሁ በሉኛ!» ብለው ወደ ጭፈራው ተመለሱ። ድንኳኑ በሳቅና በእልልታ ተናወጠ። እንዲያ ያለ ሰርግ አይቼ አላውቅም። እኔም ጨፈርሁ። ጓደኛዬ ጥግ ቆሞ እጁን እያገላበጠ ሲያይ፣ እኔ እንዴት ጨፈርሁ?

ከዚያ ወዲህ ጌትነት ቀብቶ አያውቅም። «አንተ ቅባ፤ የኔ እጅ አይታመንም» ይለኛል። እኔም እቀባለሁ፤ ሰው ያመሰግነኛል፤ ዝም እላለሁ። ፈርቼ ነው እንዳልል አልፈራሁም። ምስጋናው ጥሞኝ ነው።

ጌትነት ወንድሜ፣ ያንተ ቀለም ደርቆ ነበር። እርጥቡን የቀባሁት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ። አያ ሞላ ያን ሰርግ ባነሡ ቁጥር ዛሬም ባንተ ይስቃሉ፤ ሄደህ እውነቱን ንገራቸው፤ ከእንግዲህ በኔ ይሳቁ። አብሬህ እመጣለሁ።