ወደ ቦዩ ያልተደፋው

ትምህርት አንዳንዱን ሰው ያቀናዋል፣ አንዳንዱን ደግሞ ዕረፍት ይነሳዋል። የአውቶቡስ ሾፌሩ ልጅ ከሁለተኛዎቹ ነበረች። ኮሌጅ ገብታ ስለ አካባቢ ጥበቃ መማር በጀመረች በዓመቱ ከቤታቸው ሰላም ጠፋ። እናቷ ሽንኩርት በፌስታል ይዛ ከገባች የልጅቷ ፊት ይጠቁራል። አባቷ ፊቱን ሲታጠብ ቧንቧውን ለቆ ቢተው መኝታ ቤቷ ሆና ትሰማና እየሮጠች መጥታ ትዘጋዋለች። ሰው የሌለበት ክፍል ውስጥ አምፖል በርቶ ካየች ሳታጠፋ አታልፍም፤ አንዳንዴ ሰው ያለበትንም ታጠፋለች። አባቷ በዚህ የተነሳ "ሚኒስትሯ" የሚል ስም አወጣላት። "ኧረ ፌስታሉን ደብቁ፣ ሚኒስትሯ መጣች!" እያለ ይስቃል። እሷም አብራ ትስቃለች፣ ግን ከአንገት በላይ ነው።

ምክንያቱም ያየችውን አይታለች። ሁለተኛ ዓመት ላይ ለጥናት የደረሳት ከሰፈራቸው ጀርባ የሚያልፈው ወንዝ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ በየሳምንቱ ድልድዩ ሥር እየወረደች ውሃውን በብልቃጥ ቀድታ ለካች። አንድ ቀን ጠዋት ላይ ከየትኛው ቦይ እንደመጣ ያልታወቀ ነገር ወንዙን ነጭ አድርጎት አገኘችው። ዓሦቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አዙረው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ከዳር እስከ ዳር ተንሳፍፈዋል። ሃያ ዓመት ላይ እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው ወይ ይረሳዋል ወይ ይዞት ይዞራል። እሷ ይዛው ዞረች።

የእግር እሾህ የሆነባት ግን አባቷ ነው። ሰውየው ሃያ ሁለት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቷል። ከመቀመጥ ብዛት ኩላሊቱ ጠጠር አፍርቶ ስለነበር ሐኪም "ውሃ እንደ ጉድ ጠጣ" ብሎት፣ በየቀኑ ሁለት ሁለት ሊትር ከሱቅ እየገዛ ይጠጣል። ባዶው ጠርሙስ የት እንደሚሄድ ልጅቷ አታውቅም ነበር። አንድ ቀን ከኮሌጅ ስትመለስ አጋጣሚ ሆኖ እሱ የሚነዳው አውቶቡስ ላይ ተሳፈረች። ከኋላ ቆማ ሳለች ጠርሙሱ ከሾፌሩ መስኮት ተወርውሮ ቦይ ውስጥ ሲገባ በዓይኗ በብረቱ አየችው። ቤት እንደገቡ ያዘችው።

"አባዬ፣ ዛሬ ምን እንዳደረግክ ታውቃለህ?"

"ምን አደረግኩ? ቀይ መብራት ጣስኩ እንዴ?"

"ጠርሙሱን በመስኮት ወረወርከው።"

"እና ምን ላድርገው? ጭኔ ላይ አስቀምጬ ላሳድገው?"

"አባዬ፣ የምሬን ነው። ሁሉም ተጠራቅሞ እዚያ ወንዝ ውስጥ ነው ያለው።"

"ስሚ ልጄ፣ ዓለምን የማቆሽሸው እኔ ብቻዬን ነኝ? ፋብሪካዎቹን ትተሽ ድሃ አባትሽን ትይዣለሽ?"

እናትየዋ ሳቀች። ልጅቷ ግን እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ አባትየውም ለእንባ ወኔ የሌለው ሰው ነበርና ተነስቶ ወጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በአፏ መጨቅጨቁን ትታ በእጇ ያዘችው። የአውቶቡሱን ትኬት ቆራጭ ለምና፣ አባቷ የሚጨርሳቸውን ጠርሙሶች ከመወርወራቸው በፊት እንዲሰበስብላት አደረገች። ጠርሙሶቹን በሙቅ ውሃ ታጥባለች፣ የፋብሪካውን ወረቀት ልጣ ታነሳለች፣ ውሃ አፍልታ አቀዝቅዛ ትሞላለች። ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ አምስት አድርጋ ትደረድራለች። አባቷ በአጠገባቸው እያለፈ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። "ደመወዝ የሚበላ ሰው ነኝ፤ የታጠበ ጠርሙስ ተሸክሜ ስሄድ ጓደኞቼ ምን ይሉኛል?" ሦስት ሳምንት አልነካቸውም።

በአራተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት ስትነሳ አራት ሆነው አገኘቻቸው። ደንግጣ ቆመች። ማታም ምንም አላለችው፤ ከተናገረች የሚተወው መስሏት ፈራች። ማክሰኞም አንዱ ጎደለ፣ ረቡዕም። በኋላ ትኬት ቆራጩ እንደነገራት፣ አባቷ አውቶቡሶቹ በሚያድሩበት ዴፖ ውስጥ ሾፌሮቹ ሲስቁበት ጠርሙሱን ከፍ አድርጎ፣ "ይሄ የልጄ ውሃ ነው፤ የተማረ ሰው ያፈላው! እናንተ የሱቅ ጠጡ!" ብሏቸዋል። ይህን የሰማች ዕለት መንገድ ላይ ብቻዋን ሳቀች። ስለ ዓለም ብዙ ታወራለች እንጂ የምትፈልገው ይህችኑ ነበር፤ አባቷ እንዲያምናት።

ካመናት በኋላ ልቧ ሞላ። የኮሌጁ ካፌ የተጠበሰበትን ዘይት ወደ ቦይ እንደሚደፋ ታውቃለችና ሳሙና ልሥራበት አለች። የወጥ ቤቱ ኃላፊ ሦስት ሊትር ዘይት ቃል ገባላት። ኮስቲክ ሶዳ የሚባለውን ነጭ ኬሚካል ለሦስት ሊትር የሚበቃውን መዝና በውሃ በጠበጠችው። ይህ ነገር ቆዳ የሚልጥ እሳት ነው። ግዴለሽ ነበረች የሚል ሰው ካለ ይሳሳታል፤ ጓንት አድርጋ፣ መነጽር አድርጋ፣ መስኮት ከፍታ ነው የሠራችው። ዘይቱን ልታመጣ ስትሄድ ግን ኃላፊው ራሱን እያከከ ጠበቃት። "ይቅርታ እህቴ፣ ሌላ ሰው ቀድሞሽ ወሰደ። ሁለት ሊትር ነው የቀረው።" ሳሙናው በሁለቱ ተሠራ። ከተበጠበጠው ሶዳ ሲሶው ተረፈ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ሌላ ሰው ቢሆን የተረፈውን ቦይ ውስጥ ደፍቶ እጁን ታጥቦ ይተኛ ነበር። እሷ ግን ቦዩ የት እንደሚሄድ ታውቃለች። ባልዲውን አንስታ ከቦዩ አፍ ላይ ቆመች፤ ዓሦቹ ትዝ አሏት፤ መለሰችው። ዘይት ሲገኝ እጠቀምበታለሁ ብላ ከባዶዎቹ የአባቷ ጠርሙሶች በአንዱ ሞላችው። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤ ጥርት ያለ ውሃ ይመስላል። በቀይ ብዕር "መርዝ ነው፣ አይነካ" ብላ በትልቁ ጻፈች። ወረቀቱን በስኮች ብትለጥፈው እስከ ምጽአት አይነሳም ነበር። ስኮች ግን ፕላስቲክ ነው፤ ስኮች ላትገዛ ለራሷ ቃል ገብታለች። ዱቄት በውሃ አፍልታ ሙጫ ሠራችና በዚያ ለጠፈችው። ከእቃ ማጠቢያው ሥር፣ ጥግ ላይ፣ ወለል ላይ አስቀመጠችው። ለእናቷም "ከሥር ያለውን እንዳትነኪ" አለቻት። እናትየዋ በስልክ እያወራች ነበር፤ "እሺ፣ እሺ" አለች። ዕለቱ ዓርብ ነበር።

እሑድ እናትየዋ ወጥ ቤቱን በውሃ አጠበች። ወለሉ ላይ የቆመው ጠርሙስ እስከ ወገቡ ራሰ፤ የዱቄቱ ሙጫ ሟሟ፤ ወረቀቱ ወድቆ ከቆሻሻው ውሃ ጋር ተጠረገ። ቀና ስትል ያየችው አንድ ሙሉ የውሃ ጠርሙስ ከወለል ላይ ቆሞ ነው። "ይቺ ልጅ ደግሞ፣ የአባቷን ውሃ መሬት ጥላው!" ብላ በጨርቅ ወልውላ ከሌሎቹ ጎን አሰለፈችው። ልጅቷ በዚያ ሰዓት ከክፍል ጓደኞቿ ጋር የወንዙን ዳር ቆሻሻ እየለቀመች ነበር። ደክሟት መጣች፣ እግሯን ታጥባ ተኛች፣ መደርደሪያውን አላየችም።

ሰኞ ሊነጋ ሲል አባትየው እንደ ልማዱ ተነሳ፣ ከመደርደሪያው አንዱን አነሳ፣ ወጣ።

የቀረውን የምናውቀው ከትኬት ቆራጩ ነው። ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ሰው እስኪሳፈር ክዳኑን ከፈተ። ሐኪሙ እንዳዘዘው ትልቅ ትልቅ ጉንጭ የመጠጣት ልማድ ነበረው፤ ሁለቴ ጎነጨ። አልጮኸም። እጁን አንገቱ ላይ አደረገ። ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ለተሳፋሪዎቹ ሁለቱንም በሮች ከፈተላቸው። ይህን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ነው ከወንበሩ የወደቀው። ትኬት ቆራጩ ደግ ሰው ነው፤ ከልጅነቱ የሰማውን አደረገ። መርዝ የጠጣ ሰው ማስታወክ አለበት ብሎ፣ ከሱቅ ወተት አስመጥቶ አጠጣውና ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ከትቶ አስመለሰው።

ልጅቷ ከክፍል ተጠርታ ሆስፒታል ስትደርስ ሐኪሟ ጠርሙሱን በእጇ ይዛ ቆማለች።

"ምንድን ነው ይሄ? የሚያውቅ ሰው አለ?"

"ኮስቲክ ሶዳ ነው። የኔ ነው።"

"ሲወርድ አንድ ጊዜ አቃጠለው፣ ሲመለስ ደግሞ ሁለተኛ አቃጠለው። ማስመለስ አልነበረባችሁም።" ትኬት ቆራጩ በሩ ላይ ቆሞ ስለነበር ሐኪሟ ይህን ያለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው፤ እሱም አልሰማም። እስከ ዛሬ የነገረው ሰው የለም። "ግን የኔ እህት፣ እንዲህ ያለውን ነገር ውሃ መጠጫ ውስጥ ምን አስቀመጠው? ለምን አልደፋሽውም?"

"ብደፋው ዓሦቹ..." አለችና አፏን ያዘች። 

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል። እሷን የገደላት ግን ያልፈሰሰው ነው።

"እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ መደርደሪያ ላይ ያወጣሁት። እኔን ይድፋኝ!" አለች እናቷ ደረቷን እየደቃች።

"እማዬ ተይ፣ እኔ ነኝ። አንቺ ምን ታውቂያለሽ?"

እናትና ልጅ ጥፋቱን እንደ ውርስ ተሻሙት። አንዳቸውም ለሌላዋ አልለቀቁም፤ ስለዚህም ተቃቅፈው ማልቀስ እንኳ አልቻሉም።

አባትየው ሁለት ወር ሆስፒታል ተኛ። ሆዱ ላይ ቀዳዳ ተከፍቶ በቱቦ ይመግቡት ጀመር። የምግቡ ከረጢት አንዴ አገልግሎ ይጣላል፣ ሲሪንጁ ይጣላል፣ ጓንቱ ይጣላል፤ ከአልጋው ግርጌ ያለው ቅርጫት በቀን ሁለቴ ይሞላል። ለአንድ ሰው ነፍስ ስንት ፕላስቲክ እንደሚወጣ ልጅቷ ቁጭ ብላ አየች። ዓመቱን ሙሉ ስትረግመው የኖረችው ነገር ሁሉ አባቷን ደግፎ ይዞታል። አንድ ቀን ነርሷ ጓንት ሳታደርግ ልትነካው ስትል "ጓንት አድርጊ እንጂ!" ብላ የጮኸችባት እሷው ናት።

ጉሮሮው ሲድን ጠበበ። በየሁለት ሳምንቱ በመሣሪያ ያሰፉታል፣ ተመልሶ ይጠባል። ድምፁ ሹክሹክታ ሆኖ ቀረ። አውቶቡሱን ሌላ ሾፌር ተረከበው። ልጅቷ ኮሌጁን ተወች፤ ማንም ተዪ አላላትም፣ ማንም ተመለሺም አላላት። አንድ ቀን ስድስት ጥቅል ስኮች ገዝታ መጣችና ቤት ውስጥ ባለ ዕቃ ሁሉ ላይ ስሙን እየጻፈች ለጠፈች። ጨው ላይ ጨው፣ ስኳር ላይ ስኳር፣ በመጨረሻም ውሃ ላይ ውሃ። 

በአምስተኛው ወር ሐኪሟ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ውሃ በአፉ ይሞክር፤ ትንሽ ትንሽ" አለች። ይህንን ቃል ስንት ሌሊትና ቀን ጠብቀውታል! ቤት ሲገቡ ልጅቷ ውሃ ከቧንቧ ቀድታ አፈላች፣ አቀዘቀዘች፣ በብርጭቆ አድርጋ አልጋው ዘንድ አመጣችለት። እናትየዋ ትራሱን ከፍ አደረገች። አባትየው ብርጭቆውን ተቀበለ። ወደ መስኮቱ አዙሮ አየው። አሸተተው። ከንፈሩ ድረስ አደረሰው፤ መልሶ ጭኑ ላይ አሳረፈው።

"ውሃ ነው አባዬ። አሁን እዚሁ ነው ያፈላሁት።"

"አውቃለሁ።"

"እኮ ጠጣ፣ በሞቴ።"

"ሌላ እንዳይመስልሽ ልጄ።" ቃሉን ለመስማት ጎንበስ አለችለት። "እኔ አምንሻለሁ። እጄ ነው እንቢ ያለኝ።"

"ቆይ እሺ፣ እኔ ልቅመስልህ።"

ብርጭቆውን ከእጁ ወስዳ፣ እንዲያያት ቀና ብላ፣ ወደ አፏ አስጠጋችው። አምስት ወር ሙሉ ራሱን ችሎ ያልተገላበጠው ሰው እንዴት እንደዚያ ፈጥኖ እንደተነሳ እናትየዋም አልገባትም። በዚያ በደከመ ክንዱ ብርጭቆውን ከልጁ ከንፈር ላይ መታው። ብርጭቆው ግድግዳ ላይ ሄዶ ተሰበረ፤ ውሃው አንሶላውም ላይ፣ ቀሚሷም ላይ ፈሰሰ።

"አትጠጪ!" አለ ባለችው ትንፋሽ። "ቢሆንስ?"

 ልጅቷ ተንበርክካ ስብርባሪውን በእጇ ለቀመች፣ ወለሉን በጨርቅ ጠረገች፣ ሌላ ውሃ ልታፈላ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። አባቷ አፉ ደርቆ፣ ዓይኑን በሩ ላይ ተክሎ ጠበቃት።