ለመሠረት ኮሌጅ የተከልኩት እንሰት

ቅዱሳን፣ ጌታ ይመስገን! ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው የቆምኩት።  አማርኛዬ ከገበያ የለቀምኩት ነው፤ ስሳሳት ሳቁና እለፉኝ። ዝም ማለት ግን አልችልም። ዝም ብዬ ምን እንዳገኘኝ አሁን ትሰማላችሁ።

የምኖረው ሆሳዕና አጠገብ፣ ሌሞ ነው። ልጄ መሠረት አምስተኛ ክፍል ስትገባ ጓሮዬ ውስጥ አንድ መስመር እንሰት ለይቼ ተከልኩ። "ይሄ አይበላም፣ የመሠረት ኮሌጅ ነው" አልኩ። ሲደርስ ቆጮውን ሸጬ ላስተምራት ነው እንግዲህ። ባለቤቴ ይስቅብኛል። መስቀል በመጣ ቁጥር "ከኮሌጁ አንድ እንቁረጥ?" ይለኛል። ንክች የለም! እሑድ ቀርቼ አላውቅም፣ ኳየር ውስጥም እዘምር ነበር። ግን ወገኖቼ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ ሄጄ የማየው እንሰቴን ነበር። ጌታ ከዚያ በኋላ ነው። እምነቴ እዚያ መስመር ላይ ነበር።

መሠረት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ ፎንቆ የምትኖረው እህቴ ጋ ደቦ ሄጄ ከሴቶቹ ጋር እንሰት ስፍቅ ዋልኩ። የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ ቀድማ አስተምራን ነበር። "አጠውልግ የሚባለው የእንሰት በሽታ በቢላ ይተላለፋል። ከሰው ጓሮ ስትመለሱ ቢላችሁን በእሳት አሳልፉት" ብላናለች። እኔ ምን አልኩ? "ብረት በእሳት ማሳለፍ የጠንቋይ ሥራ ነው፤ እኔ የጌታ ልጅ ነኝ!" ቤቴ ስመለስ ቢላዬ ላይ እጄን ጭኜ ጸለይኩና በዚያው ከእንሰቴ ቅጠል ቆረጥኩ። አትሳቁ! እሺ ሳቁ፣ ይገባኛል።

ጥቂት ወራት ቆይቶ የአንዱ እንሰት የመሃል ቅጠል ቢጫ ሆኖ ታጠፈ። ስቆርጠው ቢጫ ፈሳሽ ወጣው። ቀልቤ ተገፈፈ። ወይኔ ልጄ! ለማን ልንገር? ጎረቤት ከሰማ ደቦ አይጠራኝም፣ ቆጮዬንም የሚገዛኝ የለም። ደበቅኩ። ሰው ሳይነሳ እየወጣሁ የታመመውን ቅጠል ቆርጬ እቀብራለሁ። በዚያው ቢላ! የደበቅኩ መስሎኝ በሽታውን ከአንዱ ወደ አንዱ የማደርሰው ራሴ ነበርኩ።

ልቤ ይደልቅ ጀመር። እህል አልወርድ አለኝ። ሆሳዕና ወስደው አስመረመሩኝ። ሐኪሙ ደጋግሞ አዳመጠኝና "እናቴ፣ ልብሽ ጤነኛ ነው። ምንድነው የሚያስፈራሽ?" አለኝ። "ምንም" አልኩት። ዓይን ዓይኑን እያየሁ ዋሸሁ። መሠረት ደግሞ "እማዬ፣ ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነጥብ ባላመጣስ?" ትለኛለች። "አይዞሽ፣ ኮሌጅሽ ጓሮ ነው" እላታለሁ። ከዚያ ወጥቼ የታጠፈውን ቅጠል እቆጥራለሁ።

ውጤቱ መጣ፤ አልሞላም። ነርስ ልትሆን የቀራት መንገድ የግል ኮሌጅ ነው፣ በክፍያ። በዚያው ሳምንት ጎረቤቴ ዘነበች መጣች። "የመሠረት እናት፣ ቢላሽን አውሺኝ" አለችኝ። ወገኖቼ፣ እኛ ጋ ቢላ የሚከለክል ጎረቤት አለ? ብሰጣት አምስት ልጅ የምታሳድግበትን ጓሮ ልጨርስባት ነው። ብከለክላት ለምን ትለኛለች። ቢላውን ይዤ ቀረሁ። በልቤ "ጌታ ሆይ፣ እንሰቱን ካንተ አስበልጫለሁ፣ ማረኝ" አልኩ። ያኔ ነው የተሰበርኩት።

"ዘኔ፣ አትንኪው! ጓሮዬ ታሟል፤ ደብቄሽ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። እሷ መሬት ላይ ቁጭ አለችና ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። "እኔም ሦስት ቀብሬአለሁ። የራሴን ቢላ ፈርቼ ነው ያንቺን የጠየቅኩሽ" አለችኝ።

ሃሌሉያ! ሁለት ጎረቤት፣ አጥራችን አንድ፣ ተደባብቀን! ተቃቅፈን አለቀስን፣ ጸለይን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቤ መደለቁን ተወ። ሐኪም ጠይቆኝ የዋሸሁትን ጌታ ከአፌ አወጣው፤ ስሙ ይባረክ!

ባለሙያዋን ጠራናት። "ምነው ቶሎ ብትነግሩኝ" አለች እንጂ አልተቆጣችም። የታመመውን ነቅለን ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው። ከመስመሬ ግማሹ ሄደ፤ ስነቅል እንደ ለቅሶ ቤት አለቀስኩ። የተረፈውን የሰፈሩ ሴቶች ቢላቸውን በእሳት እያሳለፉ ቆርጠው ፋቁልኝ። ቆጮው ደርሶ ተሸጠ፣ መሠረትም ተመዘገበች። አሁን የመጀመሪያውን ሴሚስተር እየተማረች ነው። ክብር ለጌታ ይሁን!

"ሁለተኛው ሴሚስተርስ?" ትሉኝ ይሆናል። አላውቅም። ባለቤቴም አያውቅም። ዛሬም ጠዋት ስነሳ እፈራለሁ፤ እዚህ ቆሜ አልዋሽም። ግን ፍርሃቴን መጀመሪያ ለጌታ እነግረዋለሁ፣ ቀጥሎ አጥር ተሻግሬ ለዘነበች እነግራታለሁ። ጌታ እስከዛሬ አልጣለኝም፤ ታማኝ ነው!

እዚህ መካከል ልጁን ሊያስተምር አቅዶ፣ ዕቅዱ ሲፈርስ ለሚስቱ እንኳ ያልተነፈሰ ወንድም ይኖራል። ስንዘምር አፏ ብቻ የሚንቀሳቀስ እህትም ትኖራለች፤ እኔም እንደዚያ ነበርኩ። በጌታ ታመኑ፣ አትደብቁት። ጉባኤው ሲያልቅ በሩ ጋ እቆማለሁ። ኑ። አብረን እንፈራለን፣ አብረን እንጸልያለን።